አጓትን ለዕለት ተዕለት ምግብ ማብሰያ መጠቀም

አይብ በሚወጣበት ቤት ሁሉ አጓት ይተርፋል። ከ8 ሊትር ገደማ ወተት፣ ቅቤው ከወጣ በኋላ፣ የሚገኘው አይብ 1 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ሌላው ቢጫና አረንጓዴ ቀለም የተቀላቀለበት ቀጭን ፈሳሽ ሆኖ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሱሉልታም ሆነ በሰንዳፋ ወይም በሆለታ በኩል፣ ሁለት ሦስት ላም ያለው ቤተሰብ ይህን ፈሳሽ ለጥጃ ወይም ለውሻ ይሰጠዋል፤ ጥጃውም ውሻውም ከጠገቡ ከአጥር ሥር ይደፋዋል። ይህ መመሪያ አጓትን ከመድፋት ይልቅ ለወጥ፣ ለገንፎ፣ ለቂንጬና ለዳቦ እንዴት እንደምንጠቀምበት፣ የት እንደሚያምርና የት ምግብ እንደሚያበላሽ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ከተጠመቀ ወይም ከተናጠ ነገር የሚተርፈውን ለሰው ምግብ ማዋል በሌላውም ዓለም የተለመደ ነው። ጃፓኖች ከሩዝ የሚጠምቁትን ሳኬ ጨምቀው ካወጡ በኋላ የሚቀረውን ነጭ ዝቃጭ «ካሱ» ይሉታል። 8 በመቶ ገደማ አልኮል የሚቀርበት ይህ ዝቃጭ በክረምት ከሳልሞን ዓሣና ከሥራ ሥር አትክልት ጋር ወፍራም ሾርባ ይሠራበታል፤ ዓሣና አትክልትም ተለውሶበት ይሰነብታል። የእኛ የጠላ አተላ ግን የጌሾው ምሬት ስለማይለቀው ለከብት ነው የሚሰጠው፤ የቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርትም በከተማው ዙሪያ ላሉ የወተት ላሞች ከሚቀርቡት መኖዎች አንዱ ነው። አተላው በላሟ በኩል አልፎ ወተት ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። በእኛ ጓዳ የካሱን ሥራ ሊሠራ የሚችለው፣ በመፍላት የመጣ ኮምጣጣ ጣዕም ያለውና ከዋናው ምርት ተርፎ የሚገኘው ነገር ታዲያ አጓት ነው።

አጓት ከ100 እጅ 93 ያህሉ ውሃ ነው። በቀረው ውስጥ የወተቱ ስኳር፣ ጥቂት ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት፣ እንዲሁም ወተቱ ሲረጋ የተፈጠረው አሲድ ይገኛሉ። ምግብ በሚሠራበት ጊዜ የሚታየው ጠባዩ ሁሉ ከእነዚህ ይመነጫል፦ ኮምጣጣነቱ ከአሲዱ፣ የድስት ግርጌ ቶሎ መያዙና የዳቦን ገጽ ማቅላቱ ከስኳሩ፣ ጥራጥሬ ላይ የሚፈጥረው ችግር ደግሞ ከአሲዱና ከካልሲየሙ። ይህን የተረዳ ሰው ከዚህ በታች የሚነገረውን ዝርዝር ሁሉ በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም። አንድ ደንብ ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል፤ እሱም መለስለስ ያለበት ነገር በተራ ውሃ ከለሰለሰ በኋላ አጓቱ ይጨመራል የሚል ነው።

ሁሉም አጓት ለምግብ እኩል አይሆንም፤ ጥሩው የሚገኘው አይቡ ሳይቻኮል ከወጣ ብቻ ነው። በሱሉልታ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ቅቤው የወጣለትን አሬራ በሸክላ ድስት አድርገው በጣም ለዘብ ያለ እሳት ላይ ይጥዱታል። ከዚያ በኋላ ማማሰያ አያስነኩትም። እኔ ልረዳ ብዬ እጄን ስሰድ «ተይው ልጄ፣ አትንኪው፤ ራሱ ይሰብሰብ» ይሉኛል። መጀመሪያ በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን የውሃ መስመር ይታያል፤ ቀጥሎ ነጩ ከዳር እየለቀቀ ወደ መሃል ይሰበሰብና ባንድነት ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ሲጠራ እሳቱ ይጠፋል። ድስቱ እዚያው እንዳለ ከቀዘቀዘ በኋላ አይቡ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጠለላል። እንዲህ የወጣ አጓት ጥርት ያለ ነው፤ ሽታው ለስለስ ያለ ነው፤ የወተት ዕቃው በወይራ ጢስ የታጠነ ከሆነ ደግሞ ያ የጢስ ጠረን አብሮት ይወርዳል። እሳት በዝቶበት ወይም እየተማሰለ የወጣው ግን የአይብ ፍርፋሪ የሞላበትና ድፍርስ ይሆናል፤ ለገንፎ ቢሆን ግድ የለውም፣ ለዳቦና ለመጠጥ ግን አያምርም።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ሊዘለል አይገባም። አይብ የሚወጣበት ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ ባልፈላ ወተት ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉትን የከብት ሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ ተሕዋስያን እርግጠኛ በሆነ መንገድ ለመግደል ይህ አያስተማምንም። ስለዚህ አጓቱ ለማንኛውም ምግብ ከመዋሉ በፊት ለብቻው ተጥዶ ይፍላ። እንደ ሱሉልታ ባለ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ነው፤ ያም ሆኖ ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ ከፈላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በሚፈላበት ጊዜ ላዩ ላይ ደቃቅ ነጭ ብናኝ ሲወጣ ይታያል። ይህ አይብ ሲወጣ ያልተሰበሰበው የወተት ፕሮቲን ነው፤ ተገፎ ሊደፋ አይገባም። በጭልፋ እየተለቀመ ለብቻው በጨው ቢበላ ስስና ለስላሳ ሁለተኛ አይብ ነው፤ ባይለቀምም ወጡ ውስጥ ገብቶ ያወፍረዋል።

የሚፈላበትና የሚቀመጥበት ዕቃ ሸክላ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ቢሆን ይመረጣል። አጓት አሲድ በመሆኑ ተራውን የአሉሚኒየም ድስት ይበላዋል፣ ምግቡም የብረት ጣዕም ይይዛል። ለጥቂት ደቂቃ ማብሰል ባይጎዳም በአሉሚኒየም ውስጥ አሳድሮ መጠቀም አይገባም። ቀለሙን ቢጫ ያደረገው የቫይታሚን ቢ2 ንጥረ ነገር በፀሐይ ብርሃን ስለሚጠፋ፣ በጠርሙስ ተሞልቶ በመስኮት ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ጨለም ያለ ቀዝቃዛ ቦታ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ምግቡ። ብዙ ሰው አጓትን ሞክሮ የሚተወው በመጀመሪያ የሚሞክረው በምስር ወይም በአተር ክክ ላይ ስለሆነ ነው። ክኩን አጥቦ፣ አጓቱን ደፍቶበት፣ ጥዶ ይጠብቃል፤ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ክኩ ግን ጥርስ ሥር እንደ ጠጠር ይቆያል። ምክንያቱ አጓቱ የተበላሸ መሆኑ አይደለም። የእህሉን ግድግዳ አንድ ላይ የያዘው ነገር በአሲድ ውስጥ እየጠነከረ እንጂ እየለሰለሰ አይሄድም፤ ካልሲየም ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል፤ አጓት ሁለቱንም ይዟል። በዚህ ላይ የደጋው ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከመጀመሪያውም ጥራጥሬ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ስለዚህ ክኩ በተራ ውሃ ይቀቀል፤ በሁለት ጣት ሲጨመቅ ያለ ምንም ችግር የሚፈርስ ሲሆን ከቁሌቱ ጋር ይቀላቀል፤ አጓቱም በዚህ ጊዜ ይግባ። ያኔ ጥቅሙ ይገለጣል፤ የበሰለው ክክ ኮምጠጥ ያለውን ፈሳሽ ጠጥቶ ሳይበታተን ይወፍራል፣ የምስር ወጥም እንደ ሎሚ ሹል ያልሆነ ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት ያገኛል። ለ2 ብርጭቆ ምስር 1 ብርጭቆ አጓት በቂ ነው። ድንችም በዚሁ ደንብ ነው የሚተዳደረው፤ ቀይ ሽንኩርት ራሱ ሳይበስል አጓት ከነካው እንዳለ ይቀራልና መጀመሪያ በደንብ ይቁላላ።

ለሽሮ አጓት ያለ ጭንቀት የሚገባበት ምክንያት ሽሮ አስቀድሞ የተቆላና የተፈጨ፣ ከእንግዲህ መለስለስ የማያስፈልገው ነገር ስለሆነ ነው። ለአራት ሰው 3 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ሙሉ በሙሉ እስኪለሰልስ ያቁላሉ፤ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ ጨምረው ጥቂት ካቆዩት በኋላ፣ ግማሽ ሊትር ውሃና ግማሽ ሊትር የፈላ አጓት ይጨምሩ። ሲንተከተክ 150 ግራም ያህል ምጥን ሽሮ በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው እያማሰሉ ያስገቡ። ከዚህ በኋላ ከድስቱ መራቅ አይገባም፤ የወተቱ ስኳር ግርጌ ላይ ስለሚወርድ በውሃ ብቻ ከሚሠራ ሽሮ ይልቅ ቶሎ ይይዛል። እሳቱ ይቀነስ፣ ማማሰያው ግርጌውን እየፋቀ ይዙር። ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ፣ ጨው ደግሞ ከሁሉም በኋላ ተቀምሶ ይጨመር፤ ኮምጣጣ ነገር ጨውን አጉልቶ ያሰማልና የተለመደውን ያህል የጨመረ ሰው ጨው ይበዛበታል። ቲማቲም የሚያስገቡ ከሆነ ይተዉት፤ ሁለት ኮምጣጣ በአንድ ድስት አያስፈልግም።

እርጎ ወይም አሬራ ትኩስ ወጥ ውስጥ ሲገባ እንደሚቋጠረው አጓት አይቋጠርም፤ የሚቋጠረው ክፍሉ አይብ ሆኖ ወጥቷልና። ይህ ጠባዩ ምግቡ ሲፈላ በድፍረት እንዲጨመር ያስችላል።

በእኔ እምነት አጓት ከሁሉም በላይ የሚያምርበት የገብስ ገንፎ ነው። ገብሱ የራሱ የሆነ ቆላ ያለ ጣዕም አለው፤ የወይራ ጢስ የያዘው አጓት ሲገናኘው ሁለቱ ተለይተው የተፈጠሩ አይመስሉም። ግማሽ ሊትር ውሃና ግማሽ ሊትር አጓት ከጨው ጋር አፍልተው፣ አንድ ብርጭቆ ያህል ቀድተው ወደ ጎን ያስቀምጡ። 400 ግራም ያህል ዱቄት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ በጠንካራ ማማሰያ ያገንፉ፤ ዱቄቱ ሲጓጉል ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያሹ ያፍርሱት። ሲጠጥር የተቀመጠውን ፈሳሽ በጥቂቱ እየጨመሩ፣ በለዘብታ እሳት ከ20 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ማገንፋት ነው። ጥሬ ዱቄት የሚሸት ገንፎ የሚወጣው ከዚህ ላይ ትዕግሥት ሲያንስ ነው። የበሰለው ገንፎ ማማሰያውን ሲያነሱት ባንድነት ይነሣል፣ ድስቱንም ይለቃል። ጣባው ቅቤ ተቀብቶ ገንፎው ይገልበጥበት፣ መሃሉ ይጎድጉድና ንጥር ቅቤና በርበሬው ይግባበት። የአጓቱ ኮምጣጣነት የቅቤውን ክብደት ስለሚያቀልለው፣ እርጎ ለብቻ ማቅረብ የለመደ ቤት ያለ እርጎም ሊበቃው ይችላል። ለአራስ የሚሠራ ከሆነ አጓቱ ከግማሽ ወደ ሩብ ይቀነስ፤ ብዙ ኮምጣጣ የማትወድ አራስ አለችና ተጠይቃ ቢሠራላት ይበጃል።

ቂንጬ ቀላል ነው፤ 250 ግራሙ በግማሽ ሊትር ውሃ ተቀቅሎ ውሃውን ሊጨርስ ሲል 1 ብርጭቆ አጓት ይጨመርበትና ተከድኖ ይመጠጥ።

ለዳቦ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር አጓት ይወስዳል፤ ውሃ መጨመር አያስፈልግም። አጓቱ ከፈላ በኋላ ቀዝቅዞ ለብ ያለ መሆን አለበት፤ ጣት ከገባበት በኋላ ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማ ሲሆን ልኩ ነው። 10 ግራም ያህል ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ጥቁር አዝሙድ ከዱቄቱ ጋር ተደባልቀው፣ አጓቱ እየተጨመረ ሊጡ እጅ እስኪለቅ ይታሽ። የዳቦ እርሾ የወተትን ስኳር መብላት አይችልም፤ ስለዚህ ስኳሩ እስከ መጨረሻው ሊጡ ውስጥ ይቆይና እሳት ሲያገኘው ገጹን ያቀላዋል። የሚያምረውም የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ በኮባ ተሸፍኖ በምጣድ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ላዩ ቀልቶ የበሰለ ሲመስል መሃሉ ገና ሊጥ ሊሆን ይችላል። ከተለመደው እሳት ቀነስ፣ ከተለመደው ጊዜ ደግሞ ዘለግ አድርጎ መጋገር ይገባል፤ ቀጭን እንጨት መሃሉ ላይ ተወግቶ ሲወጣ ሊጥ ካልያዘ በስሏል። ውስጡ ለስላሳ፣ በማግሥቱም ቶሎ የማይደርቅ ዳቦ ይሆናል። የሰነበተና በጣም የኮመጠጠ አጓት እርሾውን ስለሚያዘገየው ለዚህ ሥራ የዕለቱ ወይም የትናንቱ ይመረጣል፤ ከዚያ የቆየው በግማሽ ውሃ ይቅጠን። ጣፋጭ ዳቦ ለሚጋግር ደግሞ የጢስ ጠረን የያዘ አጓት አይስማማም።

ጎመን በአጓት ቢቀቀል ጣዕሙ አይከፋም፣ ቀለሙ ግን ከአረንጓዴ ወደ ደብዛዛ ቡናማ ይለወጣል። ቀለሙ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ጎመኑን በውሃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ካቁላላ በኋላ ከእሳት ሊያወርደው ሲል ሁለት ሦስት ጭልፋ አጓት ይጨምርበት። አይቡ አብሮ የሚቀርብ ከሆነ ይህ ብቻውን ሙሉ ምሳ ነው። ጠንካራ የበሬ ሥጋም ሌሊቱን በፍሪጅ ውስጥ በአጓት ተዘፍዝፎ ቢያድር ለጥብስ ይለሰልሳል፤ ጠዋት ሲወጣ ግን በጨርቅ ተጠርጎ በደንብ መድረቅ አለበት፣ አለበለዚያ በመጠበስ ፈንታ ይቀቀላል። የተዘፈዘፈበት አጓት ለሌላ ምግብ አይውልም።

ፍርፍር ላይ አጓት መጨመርን አልመክርም። እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ በርበሬውም ቅቤውም ሊያስታርቃቸው አይችልም። ለእንጀራ ሊጥም እንዲሁ፤ ሊጡ በራሱ እርሾና በራሱ ጊዜ እንዲኮመጥጥ መተው ይሻላል። በሶ ግን ሌላ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ አጓት፣ በሶና ትንሽ ጨው ተበጥብጠው ሲቀርቡ ከእርሻ ወይም ከረጅም መንገድ ለመጣ ሰው ውሃ ጥምንም ረሃብንም የሚቆርጥ መጠጥ ነው፤ ጨው የማይወድ በማር ይጠጣው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው አጓትም ሊነፋው ስለሚችል በትንሽ መጠን ይጀምር።

አጓት የወተት ልጅ ስለሆነ የፍስክ ምግብ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በአጽዋማት ወቅት፣ በጾመኛ ቤት አይገባም። በሌላ በኩል ወተት ገዢ አጥቶ ብዙ የሚናጠው በዚሁ በጾም ወቅት ነው፤ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፣ አጓቱ ይደፋል። ይህን ለማዳን አጓቱን ማፍላት፣ ማቀዝቀዝና በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በረዶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። በረዶ ሲሆን መጠኑ ስለሚጨምር ጠርሙሱ እስከ አፉ አይሞላ። ፍሪጅ ውስጥ ብቻ የሚቀመጠው ግን ሦስት አራት ቀን ያህል ይቆያል፤ ማክሰኞ አይብ ያወጣ ቤት የረቡዕን ጾም አልፎ ሐሙስ ጠዋት ለቂንጬው ያገኘዋል። እየሰነበተ ይበልጥ መኮምጠጡ ብልሽት አይደለም፤ ሻጋታ ከያዘ፣ ከተዝለገለገ ወይም ሽታው ከኮምጣጣነት አልፎ የሚያስጠላ ከሆነ ግን ለሰውም ለጥጃም አይሰጥም።